አምስቱን ውሃ ከሚዛን ላይ ማግኘት፦ ኮፐር ሰልፌትን አሙቆ የመመዘን መመሪያ

ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ስንት የውሃ ሞለኪውል እንደያዘ አንድን የኬሚስትሪ ተማሪ ብትጠይቁት «አምስት» ብሎ ይመልስላችኋል። መልሱ ልክ ነው። ቅር የሚለኝ የመጣበት መንገድ ነው። ተማሪው ሙከራውን ሠርቶ አራት ነጥብ አምስት ሲያገኝ ቁጥሩን ሰርዞ «አምስት» ይጽፋል፤ መምህሩም አምስቱን አይቶ «ትክክል» ይልለታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የዋለው ጊዜ በዚያች ቅጽበት ከንቱ ይሆናል። የተሰረዘው አራት ነጥብ አምስት እኮ ስለ እሳቱ፣ ስለ ዱቄቱና ስለ ሚዛኑ ብዙ የሚናገረው ነገር ነበረው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ሙከራውን በትንሽ ዕቃ ለሚያሠሩ የሙያ ባልደረቦቼና በራሳቸው ጥረት ለሚማሩ ወጣቶች ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ «አምስት» ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሚዛን ላይ እንዲወጣ፣ ሚዛኑ ሌላ ቁጥር ሲሰጥ ደግሞ ያ ቁጥር እንዲከበር።

ክሪስታሉ ውስጥ ምን አለ?

ሰማያዊውን ክሪስታል በጣቶቻችሁ ብታሹት ደረቅ ነው። ሆኖም ከክብደቱ ከመቶ 36 እጅ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ውሃው እርጥበት አይደለም፤ የክሪስታሉ የራሱ አካል ነው። ከአምስቱ የውሃ ሞለኪውሎች አራቱ የመዳብ አዮኑን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለውን የመዳብ አቶም) ዙሪያውን ከበው በቀጥታ ተያይዘውታል። አምስተኛው ከመዳቡ ጋር አልተያያዘም፤ በሃይድሮጅን ትስስር ሰልፌቶቹን ተጠግቶ ይኖራል። የሰማያዊው ቀለም ምንጭ መዳቡና የከበቡት ሞለኪውሎች ናቸው። ውሃው ሲወጣ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል።

አንድ የብረት አስተኔ (ሜታል) አዮን በዙሪያው የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎችን በሥርዓት እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. በ1893 ያስረዳው አልፍሬድ ቨርነር ነው። ዙሪክ ላይ ሲያስተምር የሠራው ይህ ሥራ በ1913 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ቨርነር በብዛት የመረመራቸው ውህዶች በውሃው ቦታ አሞኒያ የገባባቸው ናቸው፤ አሚን ውህዶች ይባላሉ። በኮፐር ሰልፌት ሙሙት ላይ በቂ አሞኒያ ሲጨመር የሚታየው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ድምቅ ያለ ሰማያዊ ቀለም የዚህ ዓይነት ውህድ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ትጉ ተማሪዎች «እንግዲያው የአሚን ውህዶችንም አሙቀን አሞኒያቸውን እንመዝን፤ ለምን የመዳብ ወይም የኮባልት ናይትሬቱን አንሞክርም?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ብልህ ጥያቄ ነው፤ መልሴ ግን ፈጽሞ አይሆንም ነው። አሞኒያ ሊቃጠል የሚችል ነገር ነው፤ ናይትሬት ደግሞ አቃጣይ፣ ማለትም ሌላው ነገር እንዲቃጠል ኦክስጅን የሚሰጥ ነው። በአሚን ናይትሬት ውስጥ ሁለቱ በአንድ ክሪስታል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ውሃ ከኮፐር ሰልፌት ሲወጣ ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ እሳቱን ስናነሳ ሥራው ይቆማል። አሚን ናይትሬት ሲፈርስ ግን ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ያ ሙቀት መፍረሱን ያፋጥናል፤ በቅጽበት ብዙ ጋዝ ይወጣል፤ ፍጻሜውም ፍንዳታ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ልክ የለውም። የቅርብ ዘመዱ የሆነው አሞኒየም ናይትሬት ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በቤይሩት ወደብ ምን እንዳደረሰ እናውቃለን፤ በመጋዘን የተከማቸው 2,750 ቶን ገደማ ነበር። እንዲህ ያሉ ውህዶች የሚመረመሩት በሠለጠኑ ሰዎች፣ በሚሊግራም መጠንና ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ ነው። በሙቀት መፍረስን መማር ለሚፈልግ ሰው ኮፐር ሰልፌት ይበቃዋል፤ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ጣትና ዓይን ግን አያስከፍልም።

ዕቃውና ዱቄቱ

የሚያስፈልገው ባለክዳን ክሩሲብል፣ ማለትም ከፖርሴሊን የተሠራች ትንሽ ኩባያ፣ ባለሦስት እግር ማስቀመጫ፣ ክሩሲብሉን የሚሸከም ባለሸክላ ሦስት ማዕዘን ሽቦ፣ ረጅም የብረት መቆንጠጫ፣ የመስታወት ዘንግ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ እንዲሁም ቢያንስ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር በትርፍ ዕቃ አይቆጠርም፤ የሌለው ተማሪ ወደ እሳቱ አይጠጋም።

እሳትን በተመለከተ፣ የጋዝ መስመር የሌለው ቤተ ሙከራ ብዙ ጊዜ በስፒሪት ኩራዝ ይሠራል። ኩራዙ ለመጀመሪያዎቹ አራት ውሃዎች ይበቃል፤ ወፍራም ክሩሲብል ውስጥ ላለው ለአምስተኛው ግን ብዙ ጊዜ አቅሙ ያንሳል። እኔ ነበልባሉን ዝቅና ከፍ ማድረግ የሚቻልበትን ትንሽ የጋዝ ምድጃ እመርጣለሁ። ኩራዝ የምትጠቀሙ ከሆነ እየነደደ ስፒሪት አትጨምሩበት፤ አጥፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ኮፐር ሰልፌት ከኬሚካል አስመጪዎች ይገኛል፤ ለእርሻ የሚሸጥም አለ። ለወይን ተክል በሽታ መከላከያ የሚሆነው የቦርዶ ውህድ የሚዘጋጀው ከእርሱና ከኖራ ነው፤ ፈረንሳዊው ሚላርዴ አሠራሩን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር። ለእርሻ የሚሸጠው ለዚህ ሙከራ የሚሆነው ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው። ከማሰሮው ስታወጡት በብርሃን ፊት አገላብጣችሁ ተመልከቱት። የክሪስታሉ ገጽ ወጥ የሆነ ደማቅ ሰማያዊ መሆን አለበት። ጠርዙ ላይ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ካለ ክሪስታሉ ደረቅ አየር አግኝቶት ከውሃው ከፊሉን አስቀድሞ ለቋል። ዕቃውን ስታናውጡት ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ ደግሞ ትርፍ እርጥበት ይዟል፤ በማጣሪያ ወረቀት መሐል አድርጋችሁ እርጥበቱን አስመጥጡት። ይህን የአንድ ደቂቃ ምርመራ የዘለለ ሰው በኋላ ቁጥሩ ሲዛባበት ምክንያቱን ያጣዋል።

ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ ውቀጡት፤ የጨው ያህል ከደቀቀ ይበቃል። ትልልቅ ክሪስታሎች ሲሞቁ በውስጣቸው የታመቀው ውሃ እየፈነዳ ያስፈነጥራቸዋል። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰውን በባዶ እጅ አትጥረጉት፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ከተዋጠም መርዝ ነው።

ባዶውን ክሩሲብል ማሞቅ

ብዙዎች የሚዘሉት ክፍል ይህ ነው። ባዶው ክሩሲብል ደረቅ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከመደርደሪያ የወሰደው እርጥበት፣ ካለፈው ክፍል የቀረ ቅሪትና የጣት ቅባት አለበት። ሳታደርቁት ከመዘናችሁት በኋላ የሚወጣው እርጥበት ከኮፐር ሰልፌቱ ውሃ ጋር ተደምሮ ይቆጠራል።

ስለዚህ ከነክዳኑ ለአምስት ደቂቃ ያህል በኃይለኛ ነበልባል አሙቁት፤ አቀዝቅዙት፤ መዝኑት። እንደገና አሙቃችሁ መዝኑ። ሁለቱ ንባቦች ከ0.01 ግራም በላይ ካልተለያዩ ቁጥሩን መዝግቡ። ከዚህ በኋላ ክሩሲብሉን በእጃችሁ አትንኩት፤ በመቆንጠጫ ብቻ ያዙት። ክዳኑም እስከ መጨረሻው ያው ክዳን ይሁን፤ ቡድኖች ክዳን ሲለዋወጡ ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል።

አሁን 2.5 ግራም ያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ኮፐር ሰልፌት ጨምሩና መዝኑ። ልክ 2.50 ለማድረግ ዱቄቱን እየቀነሱና እየጨመሩ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም፤ 2.52 ቢሆን 2.52 ብላችሁ ጻፉ። መጠኑን የመረጥኩት የሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት አንድ ሞል (ኬሚስቶች ቅንጣቶችን የሚቆጥሩበት ቋሚ መጠን) 249.7 ግራም ስለሚመዝን 2.5 ግራም የአንድ ሞል መቶኛ ያህል ስለሚሆን ነው። ከአንድ ግራም በታች ከወሰዳችሁ የሚዛኑ ስህተት ገኖ ይታያል፤ ብዙ ከጨመራችሁ ደግሞ ከሥር ያለው እየተቃጠለ ከላይ ያለው ገና ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።

እሳት ላይ

ክዳኑን ዘንበል አድርጋችሁ ክፍተት ተዉለት፤ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ነበልባሉን ዝቅ አድርጉት። ጆሮአችሁን ሥራ ላይ አውሉት፤ ቀጭን የመንጣጣት ድምፅ ከተሰማ ዱቄቱ እየፈነጠረ ነውና እሳቱን ራቅ አድርጉት። ከክሩሲብሉ ፈንጥሮ የወጣ ቅንጣት ሁሉ በሚዛኑ ላይ እንደ ውሃ ይቆጠራል።

በዚህ ጊዜ ከክዳኑ በላይ ቀዝቃዛ መስታወት ብትይዙ ፊቱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ያንን ጠብታ አትጥረጉት፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ለውጡ የሚጀምረው ከግድግዳውና ከወለሉ ነው። ጥልቁ ሰማያዊ ይደበዝዛል፤ ዱቄቱ እየተኮማተረ ከግድግዳው ይላቀቃል። በመስታወት ዘንግ በዝግታ አገላብጡት፤ በዘንጉ ላይ የተጣበቀውን ግን መልሳችሁ ክሩሲብሉ ውስጥ አራግፉት። ከዚያ ነበልባሉን በመጠኑ ከፍ አድርጉ።

የዚህ ሙከራ ዋናው ወጥመድ ቀጥሎ ይመጣል። ውሃው በአንድ ጊዜ አይወጣም። መጻሕፍት እንደሚሰጡት በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሁለት ውሃ፣ በ109 አካባቢ ሌላ ሁለት፣ በ200 አካባቢ ደግሞ የመጨረሻው ይለቃል። እነዚህን ቁጥሮች እንደ ድንበር ምልክት አትመልከቷቸው። ሙቀቱ የሚጨምርበት ፍጥነት፣ የዱቄቱ ድቀትና በዙሪያው ያለው እንፋሎት ወዲያና ወዲህ ይገፏቸዋል። ዋናው ቁም ነገር በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ያለው ሰፊ ርቀት ነው። አራቱ ውሃዎች ከሄዱ በኋላ የሚቀረው ባለአንድ ውሃ ዱቄት እጅግ የነጣ ነው፤ ሰማያዊነቱ ከነጭ ለመለየት ያስቸግራል። ተማሪው «ነጣ» ብሎ እሳቱን ያጠፋል፤ አምስተኛው ውሃ ግን እዚያው አለ።

ዓይን ይሳሳታል ማለቴ አይደለም፤ ዓይን የሚያየው ቀለምን ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ሥራው ከማለቁ በፊት ነጥቷል። ማለቁን የሚያውቀው ሚዛን ብቻ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ከመጠን በላይ ማሞቅ አለ። ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ሲያልፍ ሰልፌቱ ራሱ ይፈርሳል፤ የሚያፍኑ የሰልፈር ኦክሳይድ ጋዞች ይወጣሉ፤ የሚቀረው ጥቁር ኮፐር ኦክሳይድ ነው። ኃይለኛ ነበልባል አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ የክሩሲብሉ ወለል ወደዚያ ሊደርስ ይችላል። ነጩ ዱቄት ከሥሩ ግራጫ ወይም ቡናማ መሆን ከጀመረ፣ ወይም ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ከመጣ እሳቱን ወዲያው አጥፉ፤ መስኮት ክፈቱ። ሙከራው ከመጀመሩም በፊት መስኮት መከፈት አለበት። በደብረ ማርቆስ ብርድ ምክንያት መስኮት መዝጋት የሚቀናቸው ተማሪዎች አሉ፤ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

ማቀዝቀዝና መመዘን

ትኩስ ክሩሲብል አይመዘንም። በዙሪያው ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲነሳ ሳህኑን ስለሚያነሳው ሚዛኑ ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል፤ ቁጥሩም አይረጋም። ሚዛኑም ይጎዳል። ሳትነኩት እጃችሁን አጠገቡ ስታደርጉ ምንም ሙቀት እስከማይሰማችሁ ድረስ ጠብቁ።

ግን የት ነው የሚቀዘቅዘው? ውሃ ያጣው ነጭ ዱቄት ውሃ ይጠማዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ከተተወ ከአየር እርጥበት ይስባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ በዓይን ይታያል፤ የዱቄቱ ፊት ቀስ በቀስ ሰማያዊ ጥላ ያጠላበታል። ዴሲኬተር፣ ማለትም ዕቃን በደረቅ አየር ውስጥ የሚያቆይ ክዳን ያለው የመስታወት ዕቃ፣ ያለው ትምህርት ቤት ዕድለኛ ነው። የሌለው ሰፊ አፍ ያለው፣ ክዳኑ አየር የማያስገባ የመስታወት ማሰሮ ይውሰድ፤ ከሥሩ እርጥበት የሚመጥ የደረቀ ሲሊካ ጄል ያንጥፍ፤ በላዩ ክሩሲብሉን የሚሸከም የሽቦ መረብ ያድርግ። ሲሊካ ጄል በአዲስ ጫማና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ካርቶን ውስጥ በትንንሽ ከረጢት ይመጣል። እኔ ዓመቱን ሙሉ አጠራቅመዋለሁ፤ ባልደረቦቼም ያመጡልኛል። ከመጠቀማችሁ በፊት ከከረጢቱ አውጥታችሁ በምድጃ በ120 ዲግሪ ገደማ ለጥቂት ሰዓት አድርቁት። ክሩሲብሉ ወደ ማሰሮው የሚገባው የመጀመሪያው ግለት ካለፈለት በኋላ ነው፤ እንደ ፍም እየጋለ ከገባ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

ከቀዘቀዘ በኋላ ፈጥናችሁ መዝኑ፤ ጻፉ። ከዚያ ክዳኑን አዘንብላችሁ እንደገና ለአምስት ደቂቃ አሙቁ፤ አቀዝቅዙ፤ መዝኑ። ክብደቱ ከቀነሰ ሥራው አላለቀም፤ ድገሙት። ሁለት ተከታታይ ንባቦች እስኪገጥሙ ድረስ አታቁሙ። የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለዚህ አይበቃም፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ማያያዝ ወይም ባዶውን ክሩሲብል የማድረቁን ሥራ አስቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹ

አንድ ናሙና መዝገብ እንመልከት። ባዶው ክሩሲብል ከነክዳኑ 24.36 ግራም ነው እንበል። ከዱቄቱ ጋር 26.88 ሆነ፤ ስለዚህ ዱቄቱ 2.52 ግራም ነው። ከመጀመሪያው ማሞቅ በኋላ 26.03፣ ከሁለተኛው በኋላ 25.98፣ ከሦስተኛው በኋላም 25.98 ተነበበ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስለገጠሙ የምንጠቀመው 25.98ን ነው።

የቀረው ውሃ አልባ ኮፐር ሰልፌት (ከዚህ በኋላ «ጨዉ» የምለው) 25.98 ሲቀነስ 24.36፣ ማለትም 1.62 ግራም ነው። የወጣው ውሃ 0.90 ግራም ነው። የውሃ አልባው አንድ ሞል 159.6 ግራም ስለሆነ 1.62ን ለ159.6 ስናካፍል 0.01015 ሞል እናገኛለን። የውሃ አንድ ሞል 18.02 ግራም ነው፤ 0.90 ለ18.02 ሲካፈል 0.0499 ሞል ይሆናል። የውሃውን ሞል ለጨዉ ሞል ስናካፍል 4.92 ይመጣል።

ተማሪው 4.92 ብሎ ይጻፍ። ከዚያ ከጎኑ ይህን ያስላ፤ የመጨረሻው ንባብ 25.98 መሆኑ ቀርቶ 25.97 ቢሆንስ? ጨዉ 1.61፣ ውሃው 0.91 ግራም ይሆናል፤ ውጤቱም 5.01 ነው። ሚዛኑ ሊያያት የሚችለው የመጨረሻዋ ትንሽ እርምጃ፣ አንዲት 0.01 ግራም፣ ውጤቱን ከአምስት በታች ወደ አምስት በላይ አሻገረችው። ስለዚህ በዚህ ሚዛን 4.92ና 5.01 አንድ መልስ ናቸው፤ ሁለቱም ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጉ አምስት ይሰጣሉ። የውሃ ሞለኪውል ተቆርሶ ስለማይቆጠር ወደ ሙሉ ቁጥር ማጠጋጋት መብታችን ነው። የምናጠጋጋው ግን ያገኘነውን ከጻፍን በኋላ ነው። ይህን ስሌት በገዛ እጁ የሠራ ተማሪ ቁጥር መሰረዝ ለምን እንደማያስፈልገው ይገባዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ንባብ እንመለስ። ከአንድ ጊዜ ማሞቅ በኋላ፣ 26.03 ላይ ብናቆም ኖሮ ጨዉ 1.67፣ ውሃው 0.85 ይሆንና ውጤቱ 4.51 ይመጣል። ያ መግቢያው ላይ ያነሳሁት አራት ነጥብ አምስት ነው፤ ያልወጣ ውሃ ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ በ120 ዲግሪ ያደረቀ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥመዋል። ክብደቱ ደጋግሞ ቢመዘን አይቀንስም፤ ተረጋግቷል፤ ሆኖም ከመቶ 36 እጅ መቀነስ ሲገባው የቀነሰው 29 ገደማ ብቻ ነው። ስሌቱም 3.6 አካባቢ ይሰጠዋል። ምክንያቱ አራቱ ውሃዎች ወጥተው አምስተኛው ለዚያ ሙቀት አልበገር ማለቱ ነው። የረጋ ክብደት እንኳን «በዚህ ሙቀት የሚወጣው ይህን ያህል ነው» ይላል እንጂ «ሁሉም ወጥቷል» አይልም። ለእኔ የዚህ ሙከራ እጅግ ውብ ክፍል ይህ ነው፤ ውሃዎቹ በአንድ ዓይነት ኃይል እንዳልተያዙ በአንድ ተራ ሚዛን ታየ።

ውጤቱ ከአምስት ጎላ ብሎ ከበለጠ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ከክዳኑ ሥር ነጫጭ ወይም ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለ ዱቄቱ ፈንጥሯል። ወለሉ ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ሰልፌቱ መፍረስ ጀምሯል። ሁለቱም ከሌሉ ክሩሲብሉ ወይም ዱቄቱ ከመጀመሪያው እርጥብ ነበር። ከአምስት በታች ሆኖ ክብደቱም የተረጋጋ ከሆነ የማቀዝቀዣውን ማሰሮና የክሪስታሉን ጠርዝ ተጠራጠሩ። እኔ የሁሉንም ቡድን ቁጥር በሰሌዳው ላይ እንዳለ እጽፍና ተማሪዎቹ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ያለውን ምክንያት ክሩሲብሉን እያዩ እንዲፈልጉ አደርጋለሁ። ነጥብ የምሰጠው ለምክንያቱ ነው።

የወጣው በእርግጥ ውሃ ነው?

ቀደም ሲል መስታወቱ ላይ የተቋጠረውን ጤዛ አሁን አምጡት። ከቀዘቀዘው ነጭ ዱቄት ቁንጥር አድርጋችሁ ጠብታው ላይ ጣሉበት፤ ወዲያው ሰማያዊ ይሆናል። ውሃ አልባ ኮፐር ሰልፌት ለውሃ መኖር መፈተሻ ሆኖ የሚያገለግለው በዚህ ጠባዩ ነው።

የቀረውን ዱቄት በሙከራ ቱቦ አድርጋችሁ ውሃ በጠብታ ጨምሩበት፤ ቱቦውን ከውጭ ስትነኩት ይሞቃል። ውሃውን ለማስወጣት የከፈልነው ሙቀት ውሃው ሲመለስ ተመልሶ ወጣ ማለት ነው። ዱቄቱ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ውሃ አትጨምሩ፤ ይፈናጠራል።

ኮፐር ሰልፌት ባይገኝስ?

ጂፕሰም ከእርሱ ቀጥሎ ይመጣል። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል የምናቋርጠው የዓባይ ሸለቆ ጥሬ የጂፕሰም ድንጋይ ያለበት ነው። በአንድ ካልሲየም ሰልፌት ሁለት ውሃ ይይዛል፤ ሁሉም ሲወጣ ከክብደቱ ከመቶ 21 እጅ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ጄሶ ለዚህ አይሆንም። ጄሶ የሚሠራው ጥሬው ድንጋይ ሞቆ ከውሃው ሦስት አራተኛውን ከለቀቀ በኋላ ነው፤ ግንበኛው ውሃ ሲያቦካበት የሚጠነክረውም ያንን ውሃ መልሶ ስለሚወስድ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ያልተቃጠለው ድንጋይ ነው፤ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ። ቀለሙ ስለማይለወጥ ለዓይን የሚነግረው ነገር የለም፤ ሥራው በሙሉ የሚዛን ነው። አቅም ያለው ክፍል ሁለቱን ጎን ለጎን ቢሠራ መልካም ነው።

ከሙከራው በኋላ

ኮፐር ሰልፌት ለዓሣና በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት መርዝ ስለሆነ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አይደፋም። ደግሞም መድፋት ብክነት ነው። የሁሉንም ቡድን ነጭና ሰማያዊ ቅሪት በአንድ የመስታወት ዕቃ ሰብስቡ። የጠቆረውን ለይታችሁ ሌላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ፤ ኮፐር ኦክሳይዱ አይሟሟም። የተሰበሰበውን በጥቂት ሙቅ ውሃ አሟሙት፤ በማጣሪያ ወረቀት አጥልሉት፤ አቧራ እንዳይገባበት በወረቀት ሸፍናችሁ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ተዉት። ውሃው በዝግታ ሲተን ሰማያዊ ክሪስታሎች ይወጣሉ። በማጣሪያ ወረቀት አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ማሰሮ ክተቷቸው፤ በላዩ ላይ «ኮፐር ሰልፌት፣ ዳግም የተሠራ፣ መርዝ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ። ለመጪው ዓመት ክፍል ይሆናል፤ ያኔም ከመውቀጣችሁ በፊት የክሪስታሉን ጠርዝ ተመልከቱ።